የጋሪ ፈረስ፣ ነጂውና የጋሪ ሩጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ወደ አዘዞ፣ ከዚያም ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ጋሪ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ባጃጅ ብዙውን ቦታ ቢይዝበትም እህል ወደ ወፍጮ ቤት፣ ሲሚንቶ ወደ ግንባታ፣ ሰው ከገበያ ወደ ቤቱ የሚያመላልሰው ፈረስ አልጠፋም። ወጣቶቹ ባለጋሪዎች ታዲያ ሥራ ሲቀዘቅዝ በስልካቸው የውጭ አገር የጋሪ ሩጫ ያያሉ፤ ፈረሱ ሁለት ጎማ ያላት ቀላል ጋሪ ይዞ ሲበር፣ ነጂው ከኋላው እግሩን ዘርግቶ ዛብ ይዞ ሲቀመጥ። ከዚያ ክርክር ይነሣል። አንዱ «የእነሱ ፈረስ ከእኛ ሰው ይሻላል» ይላል፤ ሌላው «አለንጋውን አያችሁት? እንዲህ ነው ፈረስ የሚነዳ» ይላል። ስለ እነሱም ፈረስ ስለ እኛም ፈረስ ከሚባለው ብዙው ልክ አይደለም፤ ዳፋው ደግሞ የሚያርፈው ፈረሱ ላይ ነው። በየተራ ላንሣቸው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«የጋሪ ሩጫ ግልቢያ ነው፤ የኛም ፈረስ ቢገረፍ ይደርስበታል»

በጋሪ ሩጫ መጋለብ ክልክል ነው። ፈረሱ የሚሮጠው ወይ በሶምሶማ ነው፣ ወይ እንደ ሰጋር በቅሎ በአንድ ወገን ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮች አንድ ላይ እያነሣ ነው። ስቶ ወደ ግልቢያ ከገባ ነጂው ዛቡን ይዞ ወደ አረማመዱ ሊመልሰው ግድ ነው፤ እስኪመለስ ሌሎቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ዘሩም ለዚሁ ሲመረጥ የኖረ ነው። አሜሪካኖቹ ስታንዳርድብሬድ ይሉታል፤ በ1879 መዝገብ ሲከፈት አንድ ማይልን በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ መጨረስ መለኪያው ነበር። በ2022 ቡልዶግ ሃኖቨር የተባለ ሰጋር ፈረስ ያንኑ ርቀት በ1 ደቂቃ ከ45.8 ሰከንድ ጨርሷል፤ በሰዓት ወደ 55 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ይህ ፈረስ የሚጎትተው አንድ ሰውና ቀላል ጋሪ ነው፣ ለዚያውም ሁለት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ፣ በተደለደለ ሜዳ። የአዘዞው ፈረስ ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ ላይ ጭነት ይጎትታል። ሁለቱን በፍጥነት ማወዳደር ለማንም አይበጅም።

«አለንጋው ነው የሚያፈጥነው»

ሥር የሰደደው ይኸኛው ነው። በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በግልቢያ ውድድር ላይ ያሉ ፈረሶችን ፍጥነት በየርቀቱ ለክተው ግርፋቱ ምን እንዳመጣ አይተዋል። ፈረሶቹ ከሁሉ የፈጠኑት አለንጋ ሳያርፍባቸው በፊት ነበር። መገረፍ የጀመሩት በመጨረሻው ርቀት፣ ከደከሙ በኋላ ነው፤ ግርፋቱም የደከመውን ጉልበት አልመለሰላቸውም። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የፈረስንና የሰውን ቆዳ አነጻጽሮ፣ ሕመም በሚሰማበት የላይኛው ሽፋን በውፍረትም ሆነ በነርቭ ብዛት ልዩነት አላገኘም። «ቆዳው ወፍራም ነው፣ አይሰማውም» የሚሉ ሰዎች ዝንብ ስታርፍበት ቆዳው እንዴት እንደሚርገፈገፍ ቢያዩ ይበቃቸው ነበር። ዝንብን የሚለይ ቆዳ ጅራፍ አይሰማውም ማለት እንዴት ይሆናል?

በኖርዌይ የጋሪ ሩጫ ያለ አለንጋ ይካሄዳል፤ ውድድሩም አልቆመም። በሰሜን አሜሪካ ነጂው በሁለቱም እጁ ዛብ እንዲይዝና ክንዱን አንሥቶ እንዳይመታ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ዳገት ላይ ፈረስ ሲቆምባችሁ ሁለት ሰው አውርዱ ወይም ኩንታል ቀንሱ። የቆመው በእልኸኝነት ነው የሚባለውን አልቀበልም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ጭነቱ ስለበዛበት፣ ኮቴው ስላመመው ወይም ማሰሪያው ስለቆረጠው ነው።

«አፉ ልጓም ለምዶታል»

ስለ አለንጋ የሚቆረቆር ሰው እንኳ አፉን ረስቶት ይገኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊንላንድ ውስጥ ተደርጎ በ2019 የታተመ ጥናት 261 የጋሪ ሩጫ ፈረሶች ውድድር እንደጨረሱ አፋቸውን አስከፍቶ መርምሯል። ከመቶ 84ቱ ላይ የልጓሙ ብረት በሚያርፍበት ቦታ አዲስ ቁስል ተገኘ። ከአፋቸው ውጭ ደም የታየባቸው ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ይህ እንግዲህ ሐኪም፣ አሠልጣኝና ዳኛ ባለበት፣ ልጓሙ በፋብሪካ ተለክቶ በሚሠራበት አገር ነው።

እኛ ዘንድ ልጓሙ ብዙ ጊዜ ከተረፈ ፌሮ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ነው። ማታ ሲፈታ ብረቱን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ብየዳው ያበጠበት ወይም ጫፉ ያልተሞረደ ቦታ አይጠፋም። ከዚያ የፈረሱን ከንፈር ጥግ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። ጤነኛው ሥጋ ለስላሳና ወጥ ቀለም ያለው ነው። ነጭ ጠባሳ፣ የተሰነጠቀ ጥግ ወይም ደም የቋጠረ ቦታ ካያችሁ ያ ፈረስ «አፈ ደንዳና» የተባለው በሕመም ነው። ከፊት ጥርስና ከመንጋጋ ጥርስ መካከል ያለው ባዶ ቦታ አጥንት ነው፤ የሚሸፍነው ስስ ድድ ብቻ ነው። ብረቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ነጂው ዛቡን በኃይል በጎተተ ቁጥር ፈረሱ ከሕመሙ ለማምለጥ አንገቱን ያነሣል ወይም ይሸሻል፤ ነጂው ደግሞ «አስቸገረኝ» ብሎ ይብስ ይጎትታል። ብረቱን በሞረድ ማስተካከል ለብረት ሠሪ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ቀን ገብስ አይበልጥም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«የላበው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል»

አይሞትም፤ የሚጎዳው ውሃ መከልከሉ ነው። ሲሠራ የዋለ ፈረስ በቀን ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ውሃ ይፈልጋል። ሲያልበው ከውሃው ጋር ጨውም ስለሚወጣ የጥማት ስሜቱ ራሱ ይቀንሳል፤ «አልጠማውም፣ አልጠጣም አለ» የሚባለው ፈረስ ውሃ ሳያስፈልገው ቀርቶ ሳይሆን ጨው አጥቶ ሊሆን ይችላል። አሞሌ ማላስ የድሮ ሰዎች የሚያውቁት ነው፤ ልክም ነበሩ። ውሃውን በየማቆሚያው ጥቂት ጥቂት እያሉ መስጠት ነው። ገላው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም እንደሚፈራው አይደለም፤ ለ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ዝግጅት ሲባል በተደረጉ ጥናቶች ቀዝቃዛ ውሃ የሞቀውን ፈረስ በፍጥነት እንደሚያበርድና ጡንቻውን እንደማይጎዳ ታይቷል። ሚያዝያ ላይ በቆላ ድባ ሙቀት የሚሠራ ባለጋሪ ይህን ቢያውቅ ብዙ ፈረስ ይተርፋል።

«ገጣባ የሥራ ቁስል ነው፣ ይለመዳል»

ገጣባ የመጣው ከሥራው አይደለም፤ ከማሰሪያውና ከጭነቱ አቀማመጥ ነው። ናይለን ገመድ ላብ አይመጥም፣ ይቆርጣል። በማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ መደላድል ሲደርቅ ጠርዙ እንደ መጋዝ ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ሚዛን ነው፦ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጭነት ወደፊት ከበዛ ፈረሱን ግራና ቀኝ የያዙት እንጨቶች ጀርባውን ይጫኑታል፤ ወደኋላ ከበዛ ደግሞ ወደ ላይ ተነሥተው የሆዱ ማሰሪያ ያንቀዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፈረሱ ሳይጠመድ ጭነቱን ጫኑና የእንጨቶቹን ጫፍ በአንድ እጅ አንሡ። በአንድ እጅ ካልተነሡ ወይም ራሳቸው ወደ ላይ ከሄዱ ጭነቱን አዘዋውሩ።

ቁስሉ በቁስልነቱም አይቀርም። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በዝንብና በጋራ ማሰሪያ አማካይነት በቁስል ይገባል፤ በደረትና በእግር ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ያወጣል። በ2006 የታተመ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ካሉ የጋሪ ፈረሶች 18.8 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ሳይጸና በጊዜ ከተያዘ የመዳን ዕድል አለው፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ባለቤቱን ከሥራ፣ ፈረሱን ከሕይወት ያወጣል። የታመመ ፈረስ ማሰሪያ ለሌላው አይታሰር።

«ያነከሰ ፈረስ ቢተኮስ ይድናል»

በጋለ ብረት መተኮስ እንግሊዞችም ለዘመናት ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1983 ባወጡት ጥናት ጅማቱን እንደማይጠቅም አሳይተዋል። የተተኮሰ ፈረስ የሚሻለው ቁስሉ እስኪድን ስለሚያርፍ ነው። ሳይተኮስም ቢያርፍ ይሻለዋል።

«ጥፋቱ የነጂው ነው»

በጋሪ ሩጫ ዓለም አሠልጣኝና ነጂ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ነጂው ፈረሱን የሚያገኘው ውድድሩ ሊጀመር ሲል ሊሆን ይችላል። ፈረሱን የሚያበላው፣ የሚያለማምደው፣ የሚያሳርፈው አሠልጣኙ ነው። ስለዚህ ደንቡ የሚይዘው አሠልጣኙን ነው፤ በፈረሱ ደም ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ከተገኘ ማንም ይስጠው ማን ተጠያቂው እሱ ነው። «አላየሁም፣ ሠራተኛው ነው» ማለት አያድነውም።

አሁን የእኛን እንይ። መንገድ ላይ ሰው የሚሰድበው ነጂውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ነጂው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ጋሪውም ፈረሱም የሌላ ሰው ናቸው። ልጁ ለባለቤቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል፤ የእሱ ድርሻ ከዚያ በላይ የተረፈው ነው። ገቢው እስኪሞላ ፈረሱ ለባለቤቱ ይሠራል፤ ልጁ ለራሱ እንጀራ የሚሠራው ፈረሱ ከደከመ በኋላ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ርኅሩኅ ልጅም ቢሆን ደርቦ ይጭናል፣ ያመሻል፣ ይገርፋል። ባለቤቱ ደግሞ ማታ ገንዘቡን ቆጥሮ ይቀበላል እንጂ የፈረሱን ጀርባ አያይም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ የፈረሱ ጀርባ ሲላጥ መጠየቅ ያለበት ባለቤቱ ነው። ከልጁ ጋር ሲዋዋል የቀን ገቢውን ብቻ ሳይሆን የሚጫነውን ልክ፣ የውሃውን ሰዓትና የዕረፍቱን ቀን አብሮ ይቁረጥ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2016 ለሥራ ፈረሶች፣ አህዮችና በቅሎዎች ያወጣው መመዘኛ በቀን ከ6 ሰዓት ያልበለጠ ሥራና በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ይላል። እሑድን ለፈረሱ መተው ለጎንደር ሰው ከባድ ትእዛዝ ነው ብዬ አላስብም።

«የእነሱ ፈረስ ከእኛ ሰው ይሻላል»

አንዳንዱ በእርግጥ ይሻላል። በ2020 ግን የኒው ዮርክ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ 27 ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከሷል፤ የግልቢያም የጋሪ ሩጫም አሠልጣኞች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና መድኃኒት አቅራቢዎች ነበሩባቸው። ክሱ ፈረሶች ከዐቅማቸው በላይ እንዲሮጡ አበረታች መድኃኒት መስጠት ነው። በጨጓራ ቱቦ ሶዳ እየጨመሩ ድካም እንዲዘገይ ማድረግም በጋሪ ሩጫ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ ለዚህ ሲባል ከውድድር በፊት የደም ምርመራ ይደረጋል። ከሩጫ ከወጡት ፈረሶች ብዙዎቹን አሚሽ የሚባሉት፣ መኪና የማይነዱ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ይገዟቸዋል። የሜዳው ጀግና ቀሪ ዘመኑን እንደ አዘዞው ፈረስ አስፋልት ላይ ጋሪ ሲጎትት ይኖራል ማለት ነው። ሀብት ያለበት ቦታ ፈረስ አይበደልም የሚለው ግምት ውሸት ነው።

«ለፈረስ መጨነቅ የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን በጎንደር የሚል ሰው ከተማውን ዞሮ አላየም። በፋሲል ግንብ ቅጥር ውስጥ የአፄ በካፋ የፈረስ ጋጣ አለ። ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ትንሽ ክብ ሕንፃ በአፈ ታሪክ ዞብል የተባለው ፈረስ መቃብር ናት። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ እየተባሉ የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው።

«ሲያረጅ መልቀቅ ምሕረት ነው»

ጥርሱ ያለቀ፣ እግሩ የተሰበረ ፈረስ መንገድ ዳር ሲለቀቅ «ነጻ አወጣነው» ይባላል። ጥርስ የሌለው ፈረስ ሣር ማኘክ አይችልም፤ ፌስታልና ቆሻሻ ይበላል፣ በመኪና ይመታል፣ ሌሊት በቁሙ ጅብ ይበላዋል። ገና ዐቅም ካለው ለቀላል ሥራ ወደ ገጠር ማስተላለፍ ይቻላል። የማይድን ከሆነ ባለሙያ ጠርቶ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ ነው። ይህን ኃጢአት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ፈርቼ አላልፈውም፣ ለጅብ መተው ከዚያ ይበልጥ ኃጢአት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው፤ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም አለ። ፈረሱ ቆሞ ሳለ ማማከር ነው፤ ከወደቀ በኋላ ማጓጓዙ ራሱ ሥቃይ ነው።