ከወረቀት ላባው ጀርባ፦ ስለ ታንክስጊቪንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ኅዳር ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግንባሯ ላይ የወረቀት ላባ አስራ ነበር። ጓደኛዋ ደግሞ ቢጫ ዘለበት የተለጠፈበት ጥቁር የካርቶን ባርኔጣ አድርጋለች። «እማዬ፣ እኔ ኢንዲያን ነኝ፣ እሷ ፒልግሪም ናት» አለችኝ። ታሪኩንም ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ። ነጮቹ በመርከብ መጡ፣ ራባቸው፣ ኢንዲያኖቹ አበሏቸው፣ አብረው ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ በሉ፣ ጓደኛ ሆኑ። አለቀ።

እኛም አሜሪካ ስንት ዓመት ኖረን ስለ ታንክስጊቪንግ፣ ስለ አሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ የምናወራው ይህንኑ ነው። ሁሉም ውሸት አይደለም፤ ግን ከመሃሉ ብዙ ተቆርጦ ወጥቷል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በዓሉ ከ1621 ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው»

አይደለም። በ1621 መኸር ፒልግሪም የሚባሉት እንግሊዛውያን በሰፈሩባት በፕሊመዝ ድግስ ነበር፣ ሦስት ቀንም ቆይቷል። ሰፋሪዎቹ ግን «የምስጋና ቀን» ብለው አልጠሩትም። ለእነሱ የምስጋና ቀን ማለት በጸሎት የሚዋልበት ቀን ነበር። ድግሱን ያዩ ሰዎች ከጻፉት የቀረልን ሁለት አጫጭር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አንዱ የኤድዋርድ ዊንስሎው ደብዳቤ፣ ሌላው የአገረ ገዢው የዊልያም ብራድፎርድ ማስታወሻ። «የመጀመሪያው ታንክስጊቪንግ» የሚል ስም የወጣለት በ1841 ነው። አሌክሳንደር ያንግ የሚባል ሰው ያንን ደብዳቤ ሲያሳትም ከግርጌው ጻፈበት። ከድግሱ 220 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ብሔራዊ በዓል እንዲሆን የታገለችው ሴት ስሟ ሲነሳ አልሰማም፣ ይህ ያሳዝነኛል። ሳራ ጆሴፋ ሄል ትባላለች። ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች ብቻዋን ያሳደገች የመጽሔት አዘጋጅ ናት። ከ1846 ጀምሮ 17 ዓመት ሙሉ ለፕሬዚዳንቶችም ለገዢዎችም ስትጽፍ ኖረች። በመጨረሻ የሰማት አብርሃም ሊንከን ነው። በ1863፣ አገሩ እርስ በርስ እየተዋጋ ሳለ፣ የኖቬምበርን የመጨረሻ ሐሙስ የምስጋና ቀን ብሎ አወጀ። እኛ አገር ያኔ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። የሊንከን አዋጅ ስለ መርከብና ስለ ፒልግሪም አንድም ቃል የለውም። አራተኛው ሐሙስ ላይ በሕግ የጸናው ደግሞ በ1941፣ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜ ነው።

«ያኔም የበሉት ተርኪ፣ ድንችና የዱባ ፓይ ነው»

የዊንስሎው ደብዳቤ ስለ ድግሱ ሲያወራ በስም የሚጠራው ሥጋ አንድ ብቻ ነው፤ እንግዶቹ ኢንዲያኖች አድነው ያመጡት አምስት አጋዘን። ሰፋሪዎቹ ወፍ አድነዋል፣ የምን ወፍ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ብራድፎርድ በዚያ መኸር የዱር ተርኪ በብዛት እንደነበር ጽፏል፣ ስለዚህ ተርኪም ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ድንች ግን እዚያ አካባቢ ገና አልደረሰም ነበር። ለፓይ የሚሆን የስንዴ ዱቄት፣ ቅቤና ምድጃም አልነበራቸውም። ዋናው እህል በቆሎ ነው። የባሕሩ ዳርቻ ዓሣና ዛጎልም ሞልቶ ነበር።

ልብስን በተመለከተ ላጭር። ያ ባለ ዘለበት ጥቁር ባርኔጣ በኋላ ሠዓሊዎች ያመጡት ነው። ሰዎቹ ቀይም ሰማያዊም ይለብሱ ነበር።

«ኢንዲያኖቹ ተጋብዘው መጡ፣ ከዚያ በሰላም ኖሩ»

ከሁሉም የሚከነክነኝ ይኼ ነው። የመጡት ዋምፓኖአግ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው፤ መሪያቸው ማሳሶይት 90 ያህል ሰው ይዞ ነው የመጣው። ሰፋሪዎቹ 50 ቢሆኑ ነው። ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከመጡት 102 ተሳፋሪዎች ግማሽ ያህሉን የመጀመሪያው ክረምት ጨርሷቸዋል። ስለዚህ እንግዶቹ ከባለቤቶቹ ይበዙ ነበር። ደብዳቤው ተጋበዙ አይልም፤ መጡ ነው የሚለው። ሰፋሪዎቹ ጠመንጃ ሲተኩሱ እንደነበርም ይናገራል።

ለሰፋሪዎቹ በቆሎ አዘራር ያስተማራቸው ሰው ቲስኳንተም ነው፣ ስኳንቶም ይሉታል። ልጄ «እንግሊዝኛ የሚችል ደግ ኢንዲያን» ብላ ነበር የነገረችኝ። እንግሊዝኛውን ከየት አመጣው? በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ከሃያ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር አፍኖ ስፔን ወስዶ ሸጠው። ከዚያ እንደምንም እንግሊዝ ገባ። በ1619 አገሩ ሲመለስ ፓተክሰት የተባለች መንደሩ ባዶ ናት። ከአውሮፓ የመጣ ወረርሽኝ ሰዉን ፈጅቶታል። ፒልግሪሞቹ ቤታቸውን የሠሩት እዚያችው መንደር ላይ ነው። አገሩ ገብቶ ዘመድ ያጣ ሰው፣ ወገኖቹ በሞቱበት ማሳ ላይ ለባዕድ በቆሎ ያስዘራል። ይህን ለልጄ ስነግራት ላባውን ከግንባሯ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሰላሙ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ቆየ። በ1675 ጦርነት ተነሣ፤ የዋምፓኖአጎች መሪ የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ነበር። በ1676 ተገደለ፣ ጭንቅላቱም ፕሊመዝ ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ታየ። ዋምፓኖአጎች ግን አልጠፉም። ዛሬም ማሳቹሴትስ ውስጥ ማሽፒ እና አኩዊና በሚባሉ ቦታዎች ይኖራሉ። ከ1970 ጀምሮ በየታንክስጊቪንጉ ፕሊመዝ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ዕለቱን የሐዘን ቀን አድርገው ያስቡታል።

«ተርኪ እንቅልፍ ያመጣል»

ተርኪ ውስጥ እንቅልፍ ያመጣል የሚሉት ትሪፕቶፋን የተባለ ነገር አለ፤ ዶሮም ውስጥ በዚያው መጠን ገደማ አለ። የሚያስተኛን የበላነው ብዛት ነው።

«የፈረንጅ ሃይማኖት በዓል ስለሆነ ለእኛ አይሆንም»

ይህን ከእናቶቻችን በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ዛሬ የሕግ በዓል ነው። ሙስሊሙም፣ አይሁዱም፣ ሃይማኖት የሌለውም ያከብረዋል። የኦርቶዶክሱ ጭንቅ ሌላ ነው፤ ጾም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ይኸውም ኖቬምበር 24 ወይም 25። ታንክስጊቪንግ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ስለሚውል ብዙውን ጊዜ ጾም ውስጥ ይወድቃል። በ2023 ኅዳር 13 ላይ ስለዋለ ተርፈናል። በ2024 ግን ኅዳር 19 ነበር።

እኛ ቤት ያኔ እንዲህ አደረግን። ለማይጾሙት ተርኪውን ከዋዜማው ጀምሬ በበርበሬና በንጥር ቅቤ አሸሁት፣ ከቆዳው ሥር ድረስ እጄን አስገብቼ። እናቴ ደግሞ የጾሙን ያዘች፦ ዱባ ወጥ፣ ድንች በካሮት፣ ቀይ ምስር፣ የተጠበሰ በቆሎ። ልጄ መጥታ በቆሎውን አየችና «ይሄ የዋምፓኖአጎቹ ነው አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። ዱባውም፣ ድንቹም፣ ምስሩን ያቀላው በርበሬም ዘራቸው መጀመሪያ የወጣው ከአሜሪካ ምድር ቀደምት ሕዝቦች እጅ ነው። እናቴ ማማሰያውን ይዛ ዞር አለችና «በርበሬ? የእኛ በርበሬ?» አለች። እስከ ማታ ድረስ አላመነችኝም።