«ይሄ ቁማር አይደለም እንዴ?»፦ ስለ ካታን የሚባለውና እውነታው

እኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ካታን የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ የገባው ከውጭ ለዕረፍት በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ከሰዓት ሙቀቱ ሰውን ቤት ሲያውለው ምንጣፍ ላይ ዘርግተን እንጫወታለን፤ በር ላይ ቆሞ ያየ ሁሉ የሚለው አያጣም። ጨዋታውን የፈጠረው ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዚያው ዓመት በአገሩ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል። ሦስት ወይም አራት ሰው በአንዲት ደሴት ላይ መንገድ፣ መንደርና ከተማ ይሠራል፤ ቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ ያሸንፋል።

«ካርታና ዳይስ ካለ ቁማር ነው»

ይህን የሚሉት በተለይ ትልልቆቹ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም፣ ካርታ ስንት ቤት አፍርሷል። ካታን ውስጥ ግን የሚያዝ ብር የለም። ካርዶቹ ላይ ያሉት እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍ፣ ስንዴና ማዕድን ናቸው። እንጨትና ጡብ ከፍለው መንገድ ይሠራሉ፤ ሱፍና ስንዴ ሲጨመርበት መንደር ይሆናል። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

«ዕድል ብቻ ነው»

ዕድል አለው፤ «ብቻ» የሚለው ነው ስህተቱ። ደሴቲቱ ከ19 ባለ ስድስት ጎን ካርቶኖች ትገጣጠማለች፤ ከበረሃው በቀር እያንዳንዱ ላይ ቁጥር አለ። የሁለቱ ዳይስ ድምር ያንን ቁጥር ሲሰጥ፣ እዚያ መሬት ጥግ ላይ መንደር ያለው ሁሉ ምርት ይቀበላል። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አላቸው። 6 በአምስቱ ይመጣል፣ 8ም እንዲሁ፤ 2 እና 12 ግን እያንዳንዳቸው በአንዱ ብቻ። 6 እና 8 በቀይ የተጻፉት ለዚህ ነው። መንደሩን 12 አጠገብ የሠራ ሰው እጁ ባዶ ቢሆን፣ ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው 7 ነው፣ በስድስት መንገድ ይመጣል። ያን ጊዜ ምርት የለም፤ ከ7 ካርድ በላይ የያዘ ግማሹን ይጥላል። ዳይሱን የወረወረው ደግሞ ሽፍታ የሚባለውን ጠጠር አንስቶ የሌላ ሰው መሬት ላይ ያስቀምጥና ከዚያ ሰው እጅ አንድ ካርድ ይነጥቃል። እያከማቹ መቀመጥ አያዋጣም።

«ለተቀናቃኝ መሸጥ ሞኝነት ነው»

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ጨዋታውን የሚገድለው እሱ ነውና። አዲስ ሰው ካርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎ «አልሰጥም» ይላል። ያልሸጠ ግን ከባንክ፣ ማለትም ከጋራው የካርድ ክምር፣ ሊገዛ ነው፤ ባንክ ደግሞ አንድ ዓይነት አራት ካርድ ተቀብሎ የሚሰጠው አንድ ነው። ወደብ ላይ መንደር ካለህ በሦስት ወይም በሁለት ትገዛለህ። አጠገብህ ያለው ሰው ግን አንድ ለአንድ ሊለውጥህ ይችላል። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ሱፍ ተርፏት ለመንደር ጡብ ብቻ ጎድሏት «አቦ፣ ሁለት ሱፍ በአንድ ጡብ! ነገ 7 ቢመጣ ትጥለዋለህ!» እያለች አጎቷን አግባብታ ጡቡን ወሰደችና በዚያው ተራ መንደር ሠራች። ቀፊራና ታይዋን ገበያ ሲከራከር ላደገ የድሬ ልጅ ይህ ክህሎት አዲስ አይደለም። ዘጠኝ ነጥብ ለደረሰ ሰው አለመሸጥ ግን ተገቢ ነው።

«ተራ መጠበቅ ያሰለቻል»

ማንም ዳይስ ቢጥል ምርቱ ለሁሉም ስለሚደርስ፣ በሌላው ተራም ዓይንህ ሰሌዳው ላይ ነው። ጨዋታው አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ቀን ይረዝማል።

«እንግሊዝኛ ለሚችል ነው»

መሬቱም ምርቱም በሥዕልና በቁጥር ነው። ጽሑፍ የሚበዛባቸው ተደብቀው የሚያዙት 25 ልዩ ካርዶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አምስት ዓይነት ናቸው፦ 14ቱ ሽፍታውን የሚያባርር ወታደር፣ አምስቱ አንዳንድ ነጥብ፣ የቀሩት ስድስቱ ሦስት ዓይነት ሆነው ሁለት ሁለት። ከመጀመሩ በፊት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አንድ ጊዜ ማስረዳት ይበቃል።