«ሴት ፖሊስ ለፍተሻ ናት» ለሚሉኝ

ፖሊስ ነኝ፤ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ፖሊስ መሆን የሚፈልጉ ሴት ልጆች ሊያማክሩኝ ይመጣሉ። እናቶቻቸውም ይመጣሉ፤ እንዲያውም ከልጆቹ ይበልጥ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ይዘውት የሚመጡት ወሬ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጥቂቱን ባጭሩ ልመልስ። አንዱ ግን ከልቤ ያናድደኛል፤ እሱ ላይ እቆያለሁ።

«ትምህርት ያልሆነላት ናት ፖሊስ የምትሆነው።» ሐሰት ነው። ሰንዳፋ ያለው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስመርቃል። ምርመራ ላይ የምትሠራ ሴት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስታነብና ስትጽፍ ነው የምትውለው።

«ሰው ከሌለሽ አትገቢም።» ይህን ወሬ የሚያራግቡት ብዙ ጊዜ ደላሎች ናቸው። ለምልመላ ብር የሚጠይቅሽ ሰው ሌባ ነው። ስሙን ይዘሽ ጠቁሚ።

«ጉልበት ይጠይቃል።» አዎ፣ ይጠይቃል። ስለዚህ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ መሮጥ ጀምሪ። ጉልበት ግን በሥልጠና ይመጣል። ደግሞም ሥራችን ሁሉ ግብግብ አይደለም። ፒያሳ ሁለት ሰካራም ሲጣላ ብዙውን ጊዜ የሚያበርደው አነጋገር ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሴት ፖሊስ እኮ ሴቶችን ለመፈተሽ ነው የምትቀጠረው» ይላሉ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው በደመራ መስቀል አደባባይ ሲገባ፣ በጥምቀት ጃንሜዳ ሲሄድ፣ በር ላይ ቆማ የምትፈትሽ ሴት ፖሊስ ያያል። ሌላውን ሥራዋን አያይም፤ ምክንያቱም ሌላው የሚሠራው ቢሮ ውስጥና ፍርድ ቤት ነው።

በመጀመሪያ ፍተሻን የናቀ ሰው ሕጉን አያውቅም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 32 ላይ የተያዘ ሰው የሚፈተሸው በተመሳሳይ ጾታ እንደሆነ ይደነግጋል። ሴት ፖሊስ በሌለችበት ጣቢያ የተያዘችን ሴት በሕጉ መሠረት የሚፈትሻት የለም ማለት ነው። በበዓል ቀን በር ላይ ያለችው ልጅም አንድ ቦርሳ በቸልታ ካሳለፈች የሚመጣውን አስቡት።

ግን እዚያ ላይ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። የተደፈረች ልጅ፣ ባሏ የደበደባት ሴት ለማን ነው የምትናገረው? አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ቃሏን ሊቀበል የተቀመጠው ባልደረባዬ ጥሩ ሰው ነው፤ አልተቆጣትም፣ አልቸኮለባትም። እሷ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም። ለብቻችን ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ስለ ጉዳዩ አልጠየቅኳትም፤ ስለ ትምህርት ቤቷ ነበር የጠየቅኳት። ከዚያ ራሷ ጀመረች። የለበሰችው ልብስ ገና እንዳልታጠበ ያወቅኩት ያኔ ነው። ማስረጃ የሚገኘው እንዲህ ነው። እናትየዋ በማግስቱ ልታጥበው አስባ ነበር!

ወንድ መርማሪ አይችልም አላልኩም። ግን ምርጫ መኖር አለበት። ስታዲየም አጠገብ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ለተጠቂዎች አገልግሎት የሚሰጠው ማዕከል ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ ያገናኘው ተጠቂዋ ታሪኳን እየደጋገመች ከቢሮ ቢሮ እንዳትንከራተት ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚሠሩ ሴት መርማሪዎች በበር ላይ ፍተሻ ብቻ ተወስነው ቢቀሩ ኖሮ ስንት መዝገብ በማስረጃ እጦት ይዘጋ ነበር?

የሚያሳዝነኝ፣ ወሬውን ልጆቹ ራሳቸው አምነውት መምጣታቸው ነው። «የት መመደብ ትፈልጊያለሽ?» ስላቸው «የመደቡኝ ቦታ» ይላሉ። እንዲህ አይባልም። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ ሴቶቹን በሙሉ በር ላይና መዝገብ ቤት ይመድብ ነበር። ምርመራ እንዲመድበኝ ስጠይቀው «ይከብድሻል» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። ከዚያ በጽሑፍ አመለከትኩና ኮፒውን አስቀመጥኩ። የተጻፈ ነገር መልስ ይፈልጋል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ምርመራ የምትፈልጊ ከሆነ ዝግጅቱ ከአሁኑ ነው። ጽሑፍሽን አሻሽይ፤ ምስክር የተናገረውን ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ መጻፍ መቻል አለብሽ። አዲስ አበባ ውስጥ ኦሮምኛ መቻል ትልቅ ጥቅም አለው። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንብቢ። ከሕገ መንግሥቱ ቢያንስ አንቀጽ 19ን እወቂ፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሰዓቱ አንቺን አይጠብቅም። ልደታ ፍርድ ቤት ሄደሽ በግልጽ ችሎት ቁጭ በይና አዳምጪ። ጠበቃው ምስክርን እንዴት መስቀለኛ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ስታይ፣ መዝገብ በጥንቃቄ የሚሠራው ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

«ፖሊስ ከሆነች አታገባም፣ አትወልድም።» አግብተው ልጅ የሚያሳድጉ ባልደረቦች አሉኝ። ከክፍያ ጋር የወሊድ ፈቃድ ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የተጻፈ መብት ነው። ፈረቃው ግን ይከብዳል፤ አልዋሽም። ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ልጅ የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ይህንን ከባልሽ ወይም ከእናትሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ማስታወቂያው ስለ ጋብቻ መስፈርት ካወጣ በደንብ አንብቢው፤ ለመግቢያ የሚጠየቀው ነገርና ከተመረቅሽ በኋላ ያለው ሕይወት ለየቅል ነው።

«ሴት አለቃ አትሆንም» የሚሉም አሉ። የሰላም ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ሲቋቋም ፌዴራል ፖሊስ ተጠሪ የነበረው ለእሱ ነው፤ ሚኒስትሯም ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ነበሩ።

በመጨረሻ፣ ፌዴራል ፖሊስና አዲስ አበባ ፖሊስ አንድ አይደሉም። የምልመላ ማስታወቂያቸውም የየራሳቸው ነው። አንዱ ዘንድ ካልተሳካልሽ ሌላኛውን ሞክሪ። የዕድሜ፣ የቁመትና የትምህርት መስፈርቱን ከጎረቤት ሳይሆን ከራሱ ከማስታወቂያው ላይ አንብቢ። የትምህርት ማስረጃሽንና መታወቂያሽን ከነኮፒያቸው አዘጋጅተሽ ጠብቂ። የምዝገባ ቀን አጭር ነው፤ በየዓመቱ ኮፒ ቤት ተሰልፈው የሚያመልጣቸው ልጆች አሉ።