ጠላ በቤት ውስጥ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠምቅ ሰው አጠቃላይ ዳሰሳ

ጠላ ከእህል፣ ከብቅል፣ ከጌሾና ከውሃ በየቤቱ የሚጠመቅ የኢትዮጵያ ባህላዊ ቢራ ነው። በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ ይባላል። የፋብሪካ ቢራ ለአገሪቱ አዲስ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ነው። የእህል መጠጥ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቤጃ ዘመቻው ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ የግሪክኛ ቅጂ፣ ከአገራቸው ተነሥተው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢራና ወይን እስኪጠግቡ እንደተሰጣቸው ተጽፏል።

ሙያው የሴቶች ነው። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ የኖረው በጽሑፍ ሳይሆን አብሮ በመሥራት ነው፤ መለኪያው እፍኝና ቁና፣ ሰዓቱ ደግሞ ሽታና ድምፅ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቀላል የጓዳ ሥራ ይቆጥረዋል። አንዲት ጠማቂ በአንድ ጋን ውስጥ የምታስኬደውን ሥራ፣ ስታርችን ወደ ስኳር መለወጥን፣ ስኳሩን ወደ አልኮል ማብላላትን፣ አሲዱን መጠበቅንና ጎጂ ተዋሕስያንን ማገድን፣ የቢራ ፋብሪካ ለየብቻ በቆሙ ጋኖችና ማሽኖች ነው የሚሠራው። ዕውቀቱ ሊከበርም በጽሑፍ ሊቀመጥም ይገባዋል።

ዕቃው

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠምቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ጌሾና ስለ ብቅል መጠን ነው። ልምድ ያላት ጠማቂ ግን ሥራዋን የምትጀምረው ከጋኑ ነው። ጠላ የሚበላሸው በመጠን ስህተት ከሚሆነው ይልቅ ባልጸዳ ዕቃ ሲሆን ይበዛል።

ጋኑ በግራዋ ቅጠልና በውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ግራዋ ሻካራና መራራ ቅጠል ነው፤ ከሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን የድሮ አተላ ፈግፍጎ ያወጣል። የሚለቀለቅበት ውሃ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ማጠቡ አይቆምም። ከዚያም ጋኑ በደንብ ይደርቃልና በወይራ ይታጠናል። የወይራ ስንጥር በፍም ላይ ይደረግና ነበልባል ሳያወጣ ሲጨስ ጋኑ በአፉ ይደፋበታል። ጢሱ የሸክላውን ውስጥ ወደ ቡናማ እስኪለውጠውና ጋኑ ሲነካ ሞቅ እስኪል ይቆያል። ጢሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ጋኑ ውስጥ የቀሩ ተዋሕስያንን ያዳክማል። ሁለተኛ፣ ጠላው ሲቀዳ ቀድሞ አፍንጫ የሚደርሰውን መዓዛ ይሰጠዋል። ያልታጠነ ጋን ውስጥ የተጠመቀ ጠላ፣ ሌላው ሁሉ የተሟላ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ነገር እንደጎደለው የለመደ ጠጪ ወዲያው ያውቃል።

ዛሬ በከተማ የፕላስቲክ በርሜልና ጄሪካን ጋኑን እየተኩት ነው። ፕላስቲክ አይሰበርም፣ ለማጠብም ይቀላል፤ ግን አይታጠንም። በሱ የሚጠምቅ ሰው እንኩሮውን (በምጣድ የታመሰውን ዱቄት) ወይም ውሃውን ለማስቀመጥ ሌላ የታጠነ ዕቃ ቢጠቀም ከመዓዛው ጥቂቱን ያተርፋል። ምግብ ለማስቀመጥ ያልተሠራ፣ በተለይም ኬሚካል ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ግን ለጠላ ፈጽሞ መዋል የለበትም።

ብቅል፣ እህልና ጌሾ

ብቅል ማለት በውሃ ርሶ የበቀለ፣ ከዚያም የደረቀ እህል ነው። ገብስ ወይም ስንዴ ይመረጣል፤ በጎጃምና በጎንደር ቆላ ዳጉሳም ለብቅል ይውላል። እህሉ አንድ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፍና ውሃው ይጠነፈፋል፤ በኮባ ወይም በሌላ ሰፊ ቅጠል ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ቡቃያው የእህሉን ቁመት ሲያህል በድንጋይ ተጭኖ ይታመቃል፤ በዚህ ጊዜ ይሞቃል፣ ጣፋጭ ሽታም ያወጣል። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያም ይፈጫል።

እዚህ ላይ ጀማሪው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ብቅል አይቆላም። በቡቃያው ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ ብርቱ እሳት ያጠፋቸዋል። የጠላው ቀለምና የተቆላ ጣዕም የሚመጣው ከሌላኛው እህል ነው፤ እሱ እስኪጠቁር ሊቆላ ይችላል፣ ምክንያቱም ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነውና። ጥሩ ጠላ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ይቆማል፦ እሳት ያልነካው ብቅልና እሳት የጠገበ እንኩሮ። ብቅሉ በጥድፊያ ምድጃ ዳር ከደረቀ ድፍድፉ አይጣፍጥም፤ ካልጣፈጠ ደግሞ የሚብላላ ስኳር አይኖርም።

ለእንኩሮ የሚሆነው ዱቄት እንደ አካባቢው ይለያያል፦ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ ዳጉሳ፣ አንዳንዴም ጤፍ። ዱቄቱ በውሃ እፍን እፍን ተደርጎ በምጣድ ላይ ይታመሳል። ማማሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እሳቱ ከበረታ ውጩ ያርራል ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ያረረ እንኩሮ ደግሞ የማይለቅ ምሬት ለጠላው ይሰጣል። ትክክለኛው እንኩሮ የተቆላ ቡና ዓይነት ቀለም ይዞ፣ በእጅ ሲፈተት ፍርፍር የሚል ነው። በአንዳንድ አካባቢ ዱቄቱን ከማመስ ይልቅ እህሉን ራሱን ቆልተው አሻሮ ያደርጉትና ይፈጩታል።

ጌሾ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚባል ቁጥቋጦ ሲሆን በደጋና በወይና ደጋ በጓሮ ይተከላል። ለፋብሪካ ቢራ ሆፕስ የሚሠራውን ለጠላና ለጠጅ ጌሾ ይሠራል፦ ያመርራል፣ መዓዛ ይሰጣል፣ ጎጂ ተዋሕስያንን ይገታል። ምሬቱን ከሚሰጡት ውሁዶች አንዱ በተክሉ ስም ጌሾይዲን ተብሏል። ቅጠሉም እንጨቱም ጥቅም ላይ ይውላል፤ ለጠጅ እንጨቱ ሲመረጥ ለጠላ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይገባሉ። ሲገዛ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሻጋታ ሽታ የሌለው ቅጠል መምረጥ ነው።

መጠኑን በተመለከተ ከቤት ቤት ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጀማሪ ሊነሣበት የሚችለው አንድ የተለመደ ድርሻ፣ ለአንድ እጅ ጌሾ ሁለት እጅ ብቅልና ስድስት እጅ ያህል እህል ነው። ምሬት የማይወድ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ጌሾውን ይቀንሳል።

ከጥንስስ እስከ ጉሽ

ጠመቃው በአንድ ቀን አይሠራም፤ በየደረጃው መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከጥቂት ብቅል ጋር በውሃ ተበጥብጦ ጋን ውስጥ ይገባል። ይህ ጥንስስ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ በጌሾው ላይ፣ በብቅሉና በጋኑ ግድግዳ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ይነቃል። ከእርሾዎቹ ዋናው ሳካሮማይሰስ ሰርቪሲየ ነው፤ ዳቦም የሚሠራበት ያው ዝርያ ነው። ከሱ ጋር የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይሠራሉ፤ የጠላ ለስላሳ ጎምዛዛነት የነሱ ነው። ጥንስሱ ደርሷል የሚባለው ክዳኑ ሲነሣ ሸተት የሚል፣ ጆሮ ጠጋ ሲል ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ ያለው ሲሆን ነው።

ቀጥሎ ከዱቄቱ የተወሰነው ያለ እርሾ ተቦክቶ ቂጣ ይጋገራል። ቂጣው መጥቆር እስኪጀምር ይበስልና ተቆራርሶ፣ ከተከተከተ የጌሾ እንጨትና ከቀረው ብቅል ጋር ጥንስሱ ውስጥ ይጨመራል። እንደገና አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው እንኩሮው የሚገባው። እንኩሮው በደንብ መቀዝቀዝ አለበት፤ ትኩሱን መጨመር የነቃውን እርሾ ይገድለዋል፣ የስንት ቀን ሥራም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። አሁን ጋኑ ውስጥ ያለው ወፈር ያለ ድፍድፍ ይባላል። አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈንና ይታሰራል።

ድፍድፉ ውስጥ ሁለት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ብቅሉ ስታርቹን ቀስ እያለ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ እርሾው ደግሞ ያንኑ ስኳር ወዲያው እየወሰደ አልኮልና ጋዝ ያደርገዋል። የፋብሪካ ጠማቂ ስኳሩን በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አሙቆ በሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ጠላ ያለ ሙቀት ስለሚሠራው ቀናት ይፈልጋል። ብርዱ በበረታበት እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ቀኖቹ ይረዝማሉ፣ በቆላ ያጥራሉ። የዳቦ እርሾ ጨምሮ ማፋጠን እየተለመደ ነው። ይህ መጠጡን ቶሎ ያደርሰው እንደሆነ እንጂ ጣዕሙን አያሻሽለውም፤ ከጌሾው የሚመጣውን እርሾ መጠበቅ ይበልጣል።

ድፍድፉ ወደ ላይ ሲወጣ ቆይቶ ረጋ ሲል፣ በተለምዶ ከአራት አምስት ቀን በኋላ፣ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እርሾውን እንዳያዳክም ተፈልቶ ቢቀዘቅዝ ይመረጣል። በገጠር በዚህ ጊዜ የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። አየር ከገባ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይበረታሉና፣ በየሰዓቱ ከፍቶ ማየት የጀማሪ ትልቁ ጥፋት ነው። አንድ ሁለት ቀን አልፎ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ይቀዳል። ሳይጠራ የሚጠጣው ጉሽ ይባላል፤ ብዙዎች የሚወዱት ይህን ነው። በጨርቅ የተጠለለው ደግሞ ለእንግዳ ይቀርባል። ወፍራሙ ጠላ ካለቀ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ሲደገምበት ቅራሪ ይወጣል፤ ቀጭን ነው፣ ጥም ይቆርጣል። የመጨረሻው አተላ ለከብትና ለአህያ ይሰጣል።

ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ አልኮል ይኖረዋል። ውሃው ተቀንሶ የሚጠለለውና በከተማ ፊልተር የሚባለው 5 እና 6 በመቶ ይደርሳል።

ዘመዶቹ

በጎንደር አካባቢ የሚጠመቀው ኮረፌ ከገብስ ይሠራል። ድፍድፉ ሁለት ሦስት ወር ተቀምጦ፣ ሲፈለግ ተቀንሶ ውሃ ይጨመርበትና በማግስቱ ይጠጣል፤ እንግዳ በድንገት ለሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። በደቡብ ቦርዴ ያለ ጌሾ ይጠመቃል፣ ወፍራም ስለሆነም ከመጠጥ ይልቅ ወደ ምግብ ይጠጋል። ቅሪቦ በተለይ በሙስሊም ቤተሰቦች የሚዘጋጅ፣ ጌሾ የሌለው የገብስ መጠጥ ነው።

ጠላ የሚጠራው ሰው

ጠላ ለአንድ ሰው ተብሎ አይጠመቅም። ማኅበርና ሰንበቴ ያለ ጠላ አይታሰቡም፤ ተራው የደረሰው ቤት ቀን ቆጥሮ ይጠነስሳል። ደቦ የጠራ ገበሬ ለሠራተኛው የሚያቀርበው እሱን ነው። ሠርግ፣ ተዝካር፣ ፋሲካና ጥምቀትም እንዲሁ። ሲቀዳ አሳላፊው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መጠጡ ንጹሕ ለመሆኑ ዋስትና ነው። የሚጠጣበት ዕቃ ጣሳ፣ ዋንጫ ወይም ሽክና ነው። ጠላ የሚሸጥበት ቤት በደጁ በእንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል። በዚያ ንግድ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች በየከተማው ብዙ ናቸው።

በውጭ አገር

ጌሾና ብቅል በአሜሪካ በሐበሻ ሱቆች ይገኛሉ፤ በዚያ ያለ ሰው ጋን ባይኖረውም በትልቅ የብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ይጠምቃል። በአሜሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የወጣው የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ለቤቱ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን ቢራ ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ይፈቅዳል። መሸጥ ግን አይፈቅድም። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌትን በመሰሉ አገሮች ጠመቃ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እስርና ከአገር መባረርን ሊያስከትል ይችላል።

በአፓርታማ የሚጠምቅ ሰው ጥንስሱን ሞቅ ባለ የወጥ ቤት ጥግ ማስቀመጥ ይችላል፤ እንኩሮውን ሲያምስ ግን መስኮት ይክፈት፣ ጢሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋልና። ጠላው ከተጠለለ በኋላም መብላላቱን አያቆምም። በጠርሙስ ሞልቶ ጥብቅ አድርጎ መክደን አደገኛ ነው፤ የሚጠራቀመው ጋዝ ብርጭቆውን ሊያፈነዳው ይችላል። ክዳኑ ላላ ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠጣ።