ስለ ካሊፎርኒያው ኤል ካሚኖ ሪያል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤል ካሚኖ ሪያል ከሳን ዲዬጎ ተነስቶ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን እስከምትገኘው ሶኖማ ድረስ 965 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። የስፔን የፍራንቸስካን መነኮሳት የመሠረቷቸውን 21 ሚሲዮኖች (የሃይማኖት ማስፋፊያ ጣቢያዎች) የሚያገናኝ መንገድ ነው። በሳንታ ክላራና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስሙን በየዕለቱ በመንገድ ምልክት ላይ ያዩታል። ስለ መንገዱ ከሚወራው ውስጥ ግን ለጎብኚ ደስታ ሲባል የተቀባባው ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ሚሲዮኖቹ የተሠሩት የአንድ ቀን መንገድ እንዲራራቁ ታስቦ ነው»

ካርታውን ላየ ሰው እውነት ይመስላል፤ 21ዱም ክር ላይ እንደተሰካ መቁጠሪያ ተደርድረዋል። የተመሠረቱበትን ቅደም ተከተል ሲያዩት ግን ነገሩ ይፈርሳል። የመጀመሪያው በ1769 በሳን ዲዬጎ ተተከለ። ሁለተኛው በማግስቱ ዓመት የተተከለው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሞንቴሬይ ነው። በመካከል ያለው ባዶ ቦታ ቀስ በቀስ ሲሞላ 54 ዓመት ፈጀ፤ የሶኖማው በ1823 ሲመሠረት እንዲያውም አገሩ ከስፔን እጅ ወጥቶ የሜክሲኮ ሆኖ ነበር። ቦታው የሚመረጠው ውኃ፣ የሚታረስ መሬትና የሚጠመቅ ሕዝብ የት እንዳለ ታይቶ ነው። እርግጥ ነው፣ በኋላ የሚሲዮኖቹ አለቃ የሆኑት አባ ፌርሚን ላሱዌን በ1797 በአንድ ዓመት ብቻ አራት ሚሲዮኖችን ሲመሠርቱ ክፍተቱን ማጥበብ አንዱ ዓላማቸው ነበር። ይህ ሐሳብ ግን የመጣው ሥራው ከተጀመረ ከ28 ዓመት በኋላ ነው።

«አባ ሁኒፔሮ ሴራ መንገዱን በእግራቸው እያቋረጡ ሁሉንም መሠረቱ»

የሚሲዮኖቹ የመጀመሪያ አለቃ ሴራ የመሠረቱት ዘጠኙን ነው፤ በ1784 ሲሞቱ ከግማሽ በላዩ ገና አልነበረም። በ1770 ወደ ሞንቴሬይ የሄዱትም ሳን አንቶኒዮ በምትባል መርከብ ነው፤ በየብስ የተጓዘው የጦር አዛዡ ጋስፓር ዴ ፖርቶላ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሚሲዮኖቹን በሕይወት ያቆየው ከሜክሲኮው የሳን ብላስ ወደብ በመርከብ የሚመጣው ስንቅ ነበር። መርከብ ሲዘገይ ይራቡ ነበር።

«መንገዱን የቀየሱት ስፔናውያን ናቸው»

ኩሜያይ፣ ቶንግቫ፣ ቹማሽ፣ ኦሎኒና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ለንግድና ለዘመድ ጥየቃ ሲመላለሱበት በኖሩት የእግር መንገድ ላይ ነው በቅሎዎቹ የተነዱት። ደግሞም አንድ መንገድ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ጭቃውን ለመሸሽ፣ ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያ ፍለጋ፣ አቅጣጫው ይለዋወጥ ነበር።

«መነኮሳቱ መንገዱ እንዳይጠፋባቸው ሰናፍጭ እየዘሩ አለፉ»

ደስ የሚል ተረት ነው፤ ከተረትነት ግን አያልፍም። ሰናፍጭ ከአውሮፓውያን ጋር የመጣ ተክል መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ኮረብታውን በሙሉ ቢጫ ለማድረግ የማንንም እጅ አይፈልግም።

«ነባሮቹ ሕዝቦች በፈቃዳቸው መጥተው በሰላም ኖሩ»

በፈቃዱ የመጣ አልነበረም ማለት አይቻልም። ከብቶቹ ግጦሹን ሲያራቁቱትና ወረርሽኝ መንደሩን ሲጨርሰው ግን ፈቃድ የሚባለው ምን ያህል ፈቃድ ነበር? አንዴ የተጠመቀ ሰው ያለ መነኮሳቱ ፈቃድ ሚሲዮኑን ለቅቆ መኖር አይችልም። የኮበለለውን ወታደሮች አሳድደው ይመልሱታል፤ ይገረፋልም። ያላገቡ ሴቶችና ልጃገረዶች ማታ ማታ በአንድ ክፍል ይቆለፍባቸው ነበር። በ1775 ኩሜያዮች የሳን ዲዬጎውን ሚሲዮን አቃጥለው አባ ሉዊስ ሃይሜን ገደሉ። በ1785 ቶይፑሪና የተባለች የቶንግቫ ሴት በሳን ጋብሪኤል በተጠነሰሰው ዐመፅ ተካፍላ ተያዘች። በ1824 ደግሞ ቹማሾች በሦስት ሚሲዮኖች ተነስተው ከእነዚሁ አንዱን፣ ላ ፑሪሲማን፣ ለአንድ ወር ያህል ይዘው ቆዩ። ሰላም በሰፈነበት ቤት ይህ ሁሉ አይሆንም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2015 ሴራን ቅዱስ ብለው ሲያውጁ ከነባሮቹ ዘሮች ብዙዎች የተቃወሙትም ያለ ምክንያት አይደለም።

«ደወሎቹ ከስፔን ዘመን የቆዩ ናቸው፤ የቆሙበትም ትክክለኛው መንገድ ነው»

በመንገዱ ዳር ጫፉ በተቆለመመ የብረት ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉት ደወሎች የመኪና ዘመን ሥራ ናቸው። የመጀመሪያው ነሐሴ 15 ቀን 1906 በሎስ አንጀለስ፣ አደባባዩ አጠገብ ባለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቆመ። ሐሳቡን የገፉት የሴቶች ማኅበራት፣ የታሪክ ወዳጆችና የመኪና ባለቤቶች ክበቦች ሲሆኑ፣ ጥሩ መንገድም ጎብኚም ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ደወሎቹ የተተከሉት መኪና ሊሄድበት በሚችል መስመር ላይ ነው፤ ዛሬም ብዙዎቹ የሚገኙት በ101 አውራ ጎዳና ዳር ነው። የጥንቱን የበቅሎ መሄጃ ፈልጎ ደወል የሚከተል ሰው የሚያገኘው ነዳጅ ማደያ ነው። አንዳንዱ ደወል ደግሞ ተነሥቷል፤ የአማ ሙትሱን ነባር ሕዝብ ባቀረበው ጥያቄ በ2019 በሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበረው ወርዷል።

«ሕንጻዎቹ እንደ ጥንቱ ናቸው»

ጥቂቶቹ ብቻ። የሳን ፍራንሲስኮው ትንሽ ቤተ ጸሎት የ1906ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ተቋቁሟል። የሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ታላቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ግን በ1812 ቅዳሴ ላይ በነበሩ ምእመናን ላይ ተደርምሶ 40 ያህል ሰው ገደለ፤ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ አለ። ላ ፑሪሲማ በ1930ዎቹ እንደገና የተሠራ ነው። አሮጌውን መንገድ ራሱን ማየት ለሚፈልግ ሳን ሁዋን ባውቲስታ ይሻላል፦ ከሚሲዮኑ ጎን፣ ከመቃብሩ በታች፣ አስፋልት ያልለበሰ ቁራጭ መንገድ ተጠብቆ ይገኛል።