ኢስቶኒያ እና የቮሩማ የጢስ ሳውና

ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከፊንላንድ ማዶ የምትገኝ አገር ናት። ስፋቷ 45 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከ2,000 በላይ ደሴቶች አሏት፤ ዋና ከተማዋ ታሊን ነች። ለዘመናት ዴንማርኮች፣ ጀርመኖች፣ ስዊድኖችና ሩሲያውያን ተፈራርቀውባታል። እ.ኤ.አ. በ1918 ነጻነቷን አወጀች፤ በ1940 ሶቪየት ኅብረት ያዘቻት፤ በ1991 ነጻነቷን መልሳ ተቀዳጀች። ለዚህ ድል መዝሙር ትልቅ ድርሻ አለው። በ1869 ታርቱ ላይ የተጀመረው የመዝሙር ክብረ በዓል ዛሬም በየአምስት ዓመቱ ታሊን ውስጥ ይከበራል።

ከገጠሩ ቅርስ ግን ከሁሉ በላይ ሊነገርለት የሚገባው በደቡብ ምሥራቋ ቮሩማ ያለው የጢስ ሳውና፣ ማለትም በጢስ የሚሞቅ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ነው። ሳውና በመጀመሪያ የማን ነበር የሚለው ከፊንላንዶች ጋር ያከራክር ይሆናል። ያም ሆኖ የቮሩማው በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ2014፣ ከፊንላንዱ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው።

ቤቷ ከግንድ የተሠራች፣ ጢስ ማውጫ የሌላት ጎጆ ናት። እሳት ስለማይታመን ከመኖሪያው ራቅ ብላ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ አጠገብ ትሠራለች። ምድጃው ላይ ድንጋይ ያለ ጭቃ ይደረደራል። የሚመረጠው ማገዶ አልደር የተባለው ዛፍ ነው፤ ሙጫ ያለው እንጨት ጥላሸት ያበዛል፣ ፍንጣሪም ይረጫል። ማንደዱ ሰዓታት ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አዛውንት ቅዳሜ ቀን ያነዳሉ፣ ልጆች ውኃና እንጨት ያቀብላሉ። ጢሱ ክፍሉን ሞልቶ በበሩና በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል።

ፍሙ ሙሉ በሙሉ ሳይከስም በሩ አይዘጋም። ፍም ከቀረ ሽታ የሌለው ጋዝ ያፍናል፤ መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ቀጥሎም ይገድላል። እሳቱ ሲያበቃ ድንጋዩ ላይ ውኃ ይደፋና አመዱና መራራው ጢስ ይወጣል፣ መቀመጫው ይታጠባል፣ ከዚያ ቤቷ ተዘግታ ትቆያለች። መታጠቢያው ሰዓት ሲደርስ ውኃ በጭልፋ እየተጨለፈ ሲደፋ የሚነሣውን እንፋሎት «ሌይል» ይሉታል። ገላ የሚመታበት በርች የተባለው ዛፍ ቅጠል እስር የሚዘጋጀው በበጋው አጋማሽ፣ ቅጠሉ ሳይጠነክር ነው፤ ጥላ ውስጥ ደርቆ ይቀመጥና ከመጠቀም በፊት ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል።

በጨው የተዘፈዘፈ የአሳማ ሥጋም እዚያው ተሰቅሎ በጢስ ይበስላል፤ ይህ ከመታጠቢያው የተለየ ሥራ ነው። የሚንጠባጠበው ስብ እሳት ላይ ካረፈ ስለሚቀጣጠልና ጎጆዋን ሙሉ ስለሚበላ፣ ሌሊትም ቢሆን ጠባቂ አይለያትም።