በጅማ ረግረጎችና ማሳዎች የበጋ ወራት የአእዋፍ ምልከታ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ የውኃ ዳርና የማሳ አእዋፍን ለማየት የሚመረጠው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው በጋ ነው። እዚህ ላይ አንድ የቃል ጣጣ አለ። አውሮፓውያን ወፍ ተመልካቾች የሚሏት ብርዳማዋ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የምትዘልቅ ሲሆን፣ በትርጉም ሥራዎች ብዙውን ጊዜ «ክረምት» ትባላለች። ለጅማ ሰው ግን ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው፤ በዚያን ጊዜ ረግረጉ በውኃ ተሸፍኖ ዳሩን እንኳ መርገጥ ያስቸግራል። «የክረምት ወፎች» የሚለውን ሐረግ አንብቦ በሐምሌ ወደ ረግረግ የሚወርድ ሰው፣ ከሰሜን የሚመጡትን እንግዶች በዚያ አያገኛቸውም።

እንግዶቹ የሚመጡበት ምክንያት ከቅዝቃዜው ይልቅ ምግብ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ መሬቱ በበረዶ ሲደርቅ ትሉም ነፍሳቱም ከወፍ መንቁር ይርቃሉ። በኔዘርላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠረፍ በተዘረጋው የዋደን ባሕር የባሕሩ ውኃ በየቀኑ እየሸሸና እየተመለሰ ሰፊ ጭቃ ስለሚገልጥ፣ ከአርክቲክ የሚወርዱ ዝይዎች እዚያውና በአካባቢው ማሳ ወቅቱን ያሳልፋሉ፤ የዚያ አገር ተመልካቾችም ወፍራም ካፖርት ደርበው የሚወጡት እነሱን ለማየት ነው። በነፍሳትና በጥቃቅን የውኃ እንስሳት የሚኖሩት ሌሎቹ ግን ሰሐራን ተሻግረው ይጓዛሉ፤ የተወሰኑትም በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ያርፋሉ። ጅማ ከባሕር የራቀች፣ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ብትሆንም፣ የጠረፉ ጭቃ የሚሰጠውን አገልግሎት እዚህ የሚሰጠው ከክረምት በኋላ ቀስ እያለ የሚሸሸው የወንዝ ውኃ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማ በዝቅተኛና ሜዳማ መሬቶች የተከበበች ናት። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ውኃውን ወደ ቦዬ ረግረግ ያደርሳል፤ ከዚያም ውኃው ወደ ግልገል ጊቤ፣ በመጨረሻም በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ከቦዬ ሌላ ቂጦና ኮፌ የሚባሉት ረግረጎችም ለከተማው ቅርብ ናቸው። የአካባቢው ሰው እንዲህ ያለውን ውኃ አዘል የሣር ሜዳ ጨፌ ይለዋል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት የሚጠራበት «ጨፌ» የሚለው ስምም ከዚሁ የኦሮምኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ ጥንት የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው በእንዲህ ያለ ለምለም ሜዳ ላይ ነበርና። ለበዓልና ለቡና ሥነ ሥርዓት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከዚሁ ነው። በቦዬ ጉማሬም ስለሚኖር፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውኃው ዳር የሚወርድ ተመልካች ከግጦሽ በሚመለስ ጉማሬና በውኃው መካከል እንዳይገኝ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

በጨፌው ዳር ዓመቱን ሙሉ የሚታዩት ነባሮች ብዙ ናቸው። ማጭድ የመሰለ መንቁር ያላቸው ጋጋኖዎች ከሁሉ በፊት በድምፃቸው ይታወቃሉ፤ ከእነዚህም አንዱ፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበት ዝርያ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። በውኃ ላይ በተዘረጋ ቅጠል እንደ መሬት የምትራመደው ባለ ረጅም ጣቷ ጃካና፣ በቄጠማው ውስጥ የምትሹለከለከው ጥቁር የውኃ ዶሮ፣ በዛፍ ላይ ከጭራሮና ከጭቃ ሰው የሚሸከም ግዙፍ ጎጆ የምትሠራው መዶሻ ራስ ወፍም የሚጠበቁ ናቸው። በጋው ሲገባ በእነዚህ ላይ የሰሜን እንግዶች ይጨመራሉ፦ በስካንዲኔቪያና በሩሲያ ረግረግ የሚራቡ፣ ቀጭን እግርና ቀጥ ያለ መንቁር ያላቸው የጭቃ ዳር ወፎች፣ ሩፍ የሚባለው ወፍ፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ዳክዬዎች። የሩፍ ወንዱ በመራቢያ ወራቱ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ጎፈር የተነሰነሰ ላባ ያበቅላል፤ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ያን ሁሉ ጌጥ አራግፎ ነው። በመጽሐፍ ላይ ያዩትን ሥዕል ይዘው የሚፈልጉት ጀማሪዎች ዓይናቸው ሥር እያለ የሚያልፉትም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የጅማን ምልከታ ልዩ የሚያደርገው ረግረጉ ብቻውን ሳይሆን ረግረጉና ማሳው ጎን ለጎን መሆናቸው ነው። በቆሎ ተሰብስቦ፣ ጤፍ ታጭዶ፣ ቡና ለቀማው በሚጧጧፍባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ከብቶች ወደ ታጨደው ማሳ ይለቀቃሉ፤ በየኮቴያቸው ሥር ደግሞ ቢጫዎቹ ጅራት ነቅናቂዎች ይሯሯጣሉ። ክብደታቸው ከ20 ግራም የማይሞላው እነዚህ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ሲሆኑ፣ ከብቱ ከሣር ውስጥ የሚያስነሣውን ነፍሳት ይለቅማሉ። ከበላያቸው ክንፏን ከፍ አድርጋ፣ መሬቱን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት የምትንሳፈፈው የማሳ ጭልፊትም አይጥና ትንንሽ ወፍ ታድናለች። ነጩ ሽመላ በሞቀ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ስለሚጓዝና እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ ሜዲትራንያንን ዞሮ በቦስፎረስና በሲና በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳል፤ አንበጣና ተምች ባለበት ሁሉ የገበሬው ወዳጅ ነው።

በማሳው ላይ ዓይን የሚስበው ግን ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ወፍ ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበው ይህ ወፍ ጎጆውን በዝናቡ ወራት በረግረግ ሣር ውስጥ ይሠራል፤ በበጋ ደግሞ ጫጩቶቹን አስከትሎ ወደ ታጨደ ማሳ ይወጣል፤ እግሩን እየረገጠ ነፍሳትን ያስበረግጋል፤ የወደቀ እህልም ይለቅማል። ከክሬን ወገኖች ሁሉ በዛፍ ላይ የሚያድሩት ባለ ዘውዶቹ ብቻ ስለሆኑ፣ ለእነሱ ረግረግ፣ ማሳና ረጅም ዛፍ በአንድ አካባቢ መገኘት አለባቸው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ተመልካቹን ብዙ አያግዘውም። «ሽመላ» የሚለው ስም ረጅም እግር ያለውን ወፍ ሁሉ ሲሰበስብ፣ የጭቃ ዳር ወፎች ግን በየዝርያቸው የታወቀ ስም የላቸውም። ስለዚህ የእግር ቀለም፣ የመንቁር ርዝመትና ሲበር በጀርባው የሚታየው ነጭ ምልክት በማስታወሻ ደብተር ቢሰፍር ይሻላል።

ለምልከታው ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱም ጥሩ ነው። በጠዋት ጉም ስለሚበዛ ፀሐይን ወደ ኋላ አድርጎ መጠበቅ፣ ባይናኩላርና የጎማ ቦት ጫማ መያዝ፣ ማሳ ከመግባት በፊትም ባለቤቱን ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ በጥር የሚደረገውም እንግዶቹ በየማረፊያቸው ረግተው የሚገኙት በዚህ ጊዜ ስለሆነ ነው።

የረግረጎቹ ይዞታ ግን አሳሳቢ ነው። ቄጠማ ቢታጨድ መልሶ ይበቅላል፤ ለሸክላ ጡብ ሲባል የሚቆፈረው አፈር፣ ውኃ ለማጠንፈፍ የሚቀደደው ቦይ፣ በዳሩ የሚተከለው ባሕር ዛፍና ከከተማው በአዌቱ የሚወርደው ቆሻሻ ግን ዘላቂ ጉዳት ያደርሳሉ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ኃይል ማመንጫ ሰፊ የውኃ አካል ቢፈጥርና ዓሣ በል ወፎችን ቢስብም፣ ጥልቅ ውኃ ጎጆውን በሣር መካከል ለሚሠራ ወፍ ጨፌን አይተካም።

በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉና ገበሬው በሬዎቹን ሲጠምድ፣ በመከር ጊዜ ደብዛዛ የነበሩት ጅራት ነቅናቂዎች ላባቸውን ለውጠው ደማቅ ቢጫ ይሆናሉ፤ ሚያዝያ ሳያልቅም አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ይነሣሉ።